ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ

ምስክር፦ የሟቿ ወላጅ እናት
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ልብስ ስፌት
አድራሻ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ከቀኑ 6፡00 ሰዓት ገደማ በስፌት መኪናዬ ላይ ሳለሁ ወንድሜ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ገባ። መርዶ ነበር። ልጄ የምትሠራበትን ላቦራቶሪ የፈቃድ ማደሻ ሰነድ ይዛ ስትሄድ መኪና ገጭቷት ሞታለች።

ልጄ ተፈጥሯቸው በሰው እጅ የተለወጠ ጀርሞች በሚጠኑበት ላቦራቶሪ የደህንነት ተቆጣጣሪ ነበረች። ጀርሞቹ እንዳያመልጡ የሚጠኑበት ክፍል ተመርምሮ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ፈቃድ» እያሉ ይቀልዱባት እንደነበር ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች። ለምን እንዲህ እንደምትጠነቀቅ ብጠይቃት፣ «እማዬ፣ አንቺስ ወተት ጥደሽ ዞር ትያለሽ?» አለችኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ሆኜ የሥራ ጋውኗን አይቼው አላውቅም፤ ከክፍሉ አይወጣም። እጅጌው ሲተረተር በቁራጭ ጨርቅ አለማመድኳት፤ እዚያው ሰፋችው። ስፌቱ የዶሮ ዱካ መሰለ ብላ ስትስቅ አመሸች።

የክፍሉ ፈቃድ ልጄ በሞተችበት ሳምንት ሰኞ ዕለት አበቃ። የጀርም መግደያው ማሽን ምርመራ ስላላለቀ አልታደሰም። በዚያው ቀን ከምሽቱ 12፡00 ሰዓት የክፍሉን ብቸኛ ቁልፍ አምጥታ በመርፌ ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጠች። ኃላፊዋ ሲደውሉላት አጠገቧ ነበርኩ። «ፈቃዱ ሳይታደስ አልከፍትም፤ ቢቆጡኝም አልቀየምዎትም» ብላ መለሰች። እኔንም ቁልፉን ለማንም እንዳልሰጥ አደራ አለችኝ።

ልጄ በሞተች ማግስት ሐሙስ ተቀበረች። ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት አብሯት የሚሠራው ቴክኒሻን ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ቁልፉን ጠየቀኝ። እንቢ አልኩት። እሱም፣ «እናቴ፣ ጋውኗን አውጥቼ ላምጣልዎት» አለኝ። ያን ጠማማ ስፌት በጣቴ ልዳብሰው ጓጓሁና ሰጠሁት። ጋውኑ አልመጣም። ቢመጣ ኖሮም ልጄ የምትከለክለው ነገር እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ክፍሉ ያለ ፈቃድ ሲሠራበት መገኘቱን፣ ኃላፊውም «ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የከፈተችልን ሟቿ ናት» ማለታቸውን መርማሪው ዛሬ ነግረውኛል። ቁልፉ ከሰኞ ምሽት እስከ ቅዳሜ 8፡00 ሰዓት ከሳጥኔ አልወጣም። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ስሰፋ ነው የዋልኩት፤ መርፌ ባነሳሁ ቁጥር አየው ነበር። ልጄ በሩን አልከፈተችም። አደራ የበላሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህም የሚመጣውን እቀበላለሁ።

ቃሌ ቀስ ተብሎ ተነቦልኛል፤ ያልኩትም ይኸው ነው። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው ሳጅን ፊርማ፦ ተፈርሟል

ከፊርማው ሥር በምስክሯ እጅ የተጻፈ፦

ይህን መዝገብ የምታነቡ ሁሉ፣ የእኔን ጥፋት ለእኔ ተዉልኝና ለልጄ ነፍስ ጸልዩላት።