ዓይን ተጨፍኖ የተመራ ጭፈራ

አዛውንቱ ዌንደል ሃውገን የጭፈራ አዳራሹን ቁልፍ ሊመልሱ ወደ ከተማ የወረዱ ዕለት፣ የልጅ ልጃቸውን ማሪትን በምትማርበት ትንሽ ኮሌጅ ሣር መሃል አግዳሚ ወንበር ላይ ቆማ ስምንት ተማሪዎችን ስታዝ አገኟት። አራት ወንዶች ከግራ ወደ ቀኝ በቁጥር ተራ ቆመዋል። አራት ሴቶች ደግሞ ፊት ለፊታቸው ተደርድረዋል። ሁሉም ደረታቸው ላይ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ለጥፈዋል፤ የጥንዶቹ ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ሙዚቃ የለም። ዌንደል መኪናቸውን አቁመው ወረዱ።

«ኮምፒውተር ልትማሪ ልከንሽ ጭፈራ መሪ ሆነሽ ጠበቅሽን?» አሉ።

«በዘር የመጣ ነው አባባ፣ ምን ላድርግ?» አለችና ወርዳ አቀፈቻቸው።

ጉዳዩ ግን ቀልድ አልነበረም። ማሪትን የሚኒሶታ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ እንድትማር ተቀብሏታል፤ እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለባት። አባቷ ሎውል «አባዬ ያሉት ይሁን» ብሎ ነገሩን ለዌንደል ትቶታል። የዌንደል ሐሳብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ትሂድ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ምክንያታቸውን ደረደሩ። እዚያ ኮምፒውተር የሚያስተምሩት መምህራን ብቻ ይህን ከተማ ይሞሉታል። እዚህ ያሉት አንድ ተኩል ናቸው፤ ግማሹ ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ኦርጋን ያስተምራል። እዚያ ቀጣሪ በር ድረስ ይመጣል። እዚህ ግጥም፣ ፍልስፍናና ውዝዋዜ ካልተማርሽ አትመረቂም ይሏታል።

«ጥርሱን የሚታከም ሰው፣ ሐኪሙ ግጥም ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል እንዴ?»

«አይጠይቅም። ግን የቱ ጥርስ እንደሚያምዎ ካልነገሩት ምኑን ይነቅላል? ማሽን ማዘዝ እዚያም እዚህም ያው ነው አባባ። ምን ብለን እንደምናዘው ግን ማሽኑ ውስጥ አይገኝም።»

ዌንደል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ የእሳቸው «አልሰማሁም» ነው። ማሪት ትዕግሥት የላትም፤ ማባበልም አትወድም። ባለፈው ወር ጭፈራው ላይ እንደነበረች፣ የሆነውንም እንዳየች ነገረቻቸው።

የሆነው እንዲህ ነው። ዌንደል ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ በከተማው የእሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ ጭፈራ ሲመሩ ኖረዋል። ቫዮሊኑ ሲጀምር ቀጣዩን እንቅስቃሴ ጮክ ብለው እየጠሩ ጥንዶቹን ያለያያሉ፣ ያቀያይራሉ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ወደየጥንዱ ይመልሳሉ። የሙያው ክብር መመለሱ ላይ ነው። ባለፈው ወር ማን የማን እንደሆነች ጠፋባቸው። ከጨፋሪዎቹ አንዷ ኤልቬራ የቀብር አስፈጻሚውን እጅ ይዛ ቀረች፤ «ኧረ እኔ ገና ነኝ» ብላም አዳራሹን አሳቀችው። ዌንደል ቫዮሊኑን አስቁመው «ሁላችሁም የየራሳችሁን ፈልጉ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አልመሩም። ቁልፉ የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

«አንዴ ካደበላለቅሽ የመመለሻውን መንገድ የያዘው ጭንቅላትሽ ብቻ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሱ ከከዳ አለቀ።»

«ካላለቀስ? እስቲ እነዚህን ያደበላልቁልኝ። አይራሩላቸው።»

አዛውንቱ ተነሡ። ድምፃቸው ሣሩን አቋርጦ ሄደ። ሴቶቹ በክንድ ሥር አለፉ፣ ዞሩ፣ ተጠላለፉ። ሲቆሙ ማን የት እንደነበረች ዌንደልም አያውቁም።

«አሁን ይጨፍኑ» አለች። «ጥሪው ሁለት ብቻ ነው። ‹ጫፍ› ሲሉ ከእርስዎ በግራ ያሉት ሁለቱ ሴቶች ይተያያሉ፤ በቀኝ ያሉት ሁለቱም እንደዚያው። ‹መሃል› ሲሉ መሃል ያሉት ሁለቱ ይተያያሉ። ትልቁ ቁጥር በግራ ከሆነ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ካልሆነ ባሉበት ይሽከረከራሉ። እያፈራረቁ ሁለት ሁለት ጊዜ ይጥሩ።»

ጨፈኑ። «ጫፍ» አሉ፤ እግሮች ሣሩን ሲጠርጉ ተሰማቸው። «መሃል። ጫፍ። መሃል።» ዓይናቸውን ሲገልጡ አንደኛዋ አንደኛው ፊት፣ አራተኛዋ አራተኛው ፊት፣ ሁሉም በየጥንዱ ቆሟል።

ዕድል ነው ብለው እንደገና አደበላለቁ። ሁሉም ወደየጥንዳቸው ተመለሱ። በሦስተኛው ራሳቸው እየመሩ ሴቶቹን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ገልብጠው አቆሟቸው። አሁንም ተመለሱ። ዌንደል ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የማያወልቁትን ባርኔጣ አወለቁ።

«ታዲያ የሚያስታውሰው ማነው?»

«ማንም። እያንዳንዷ የምታየው ጎረቤቷን ብቻ ነው። ሴቶቹ በሃያ አራት ዓይነት መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ሞክሬዋለሁ። የማይመለስ የለም።»

«ሺህ ቢሆኑስ?»

«ጥሪው ይበዛል እንጂ ሕጉ ያው ነው። ያኔ ማሽኑን እንጠራለን።»

ዌንደል ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት ሜዳ ሥር እንዲህ ያለ ሥርዓት ተኝቶ ኖሯል፤ እሳቸው ረግጠውት ይሄዱ ነበር። ቀስ ብለው ይህን ከየት እንዳመጣችው ጠየቁ። ማሪት ከዚያ የጭፈራ ምሽት በኋላ፣ የተደበላለቁ ጥንዶች ማንም ሳያስታውስ እንዴት እንደሚመለሱ ኦርጋን የሚያስተምረውን ግማሹን መምህር ጠይቃው ነበር። እሱም የክፍሉን ግድግዳ በእጁ መታ፤ ከማዶ የውዝዋዜ አዳራሽ ነበር። መምህርቷ መጥታ ሰማች፣ ተማሪዎቿንም አዋሰቻት።

«እዚያ ብሆን ለማን እነግር ነበር?» አለች ማሪት። «ከኮምፒውተሩ ክፍል ውዝዋዜው ጋ የሚኬደው በአውቶቡስ ነው።»

ዌንደል እዚያው ሆነው ለሎውል ደወሉ። ልጅቷ እዚሁ ትማር አሉ። ለምን ሲላቸው «ጎረቤቶቿ ጥሩ ናቸው» ብለው ዘጉ።

ልጄን የት ልላክ ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ፣ የሕንፃውን ብዛት ከማየቱ በፊት ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለ ይጠይቅ። ሰፊ ትምህርት ቤት ብዙ ክፍል ይኖረዋል፤ ግድግዳ ሲመታ የሚሰማ ሰው ያለበት ግን ልጅን የሰው ችግር እንድታይና እንድትፈታ ያደርጋታል። ማሽንም የሚጠቅመው በእንዲህ ያለች ልጅ እጅ ሲገባ ነው።

ቁልፉ ከኪስ አልወጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨፋሪዎቹ ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው መጡ፤ ኤልቬራም «ዛሬ ደግሞ ለማን ሊድሩኝ ነው?» ብላ ጠየቀች። ዌንደል ከዚያ በፊት ደፍረው የማያውቁትን ያህል ጥንዶቹን አራራቋቸው። ቫዮሊኑ ሊያበቃ ሲል ዓይናቸውን ጨፈኑ።