ለጥበቃ የተመዘገበው ኦዳ

ነገሌ ስሠራ ነው። አለቃዬ እንዳይቆረጡ የሚጠበቁ ትልልቅ ዛፎችን መዝግብ ብሎ ላከኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ኦዳ ነበር፤ እኛ ዋርካ የምንለው። ከሥሩ የተቀመጡትን አዛውንት «አካም፣ አባባ!» አልኳቸውና ደብተሬን ስገልጥ እጄን ያዙኝ።

«ተው፣ እሱን አትጻፍ።»

«ኧረ አባባ፣ ለጥበቃ እኮ ነው!»

«ልጄንም ሲመዘግቡት ለአገር ጥበቃ ነው ብለውኝ ነበር። ይኸው፣ በዚያው ቀረ።»

እኔ ጅሉ ሳቅኩ። «ዛፍ ደግሞ ይዘምታል እንዴ?» አልኩና ተራ ቁጥር አንድ ብዬ ጻፍኩት። ብዙም ሳይቆይ ጦሩ ለምሽግ የሚሆን ወፍራም ግንድ ፈለገ። እንዲህ ያለ ግንድ የት እንደሚገኝ አለቃዬን ሲጠይቁት የኔን ዝርዝር አውጥቶ ሰጣቸው። ወታደሮቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ከተራ ቁጥር አንድ ጀመሩ።