ቀድሞ ለገባ ያደላ ገበጣ

ወዳጆቼ፣ ጋሽ ይሄይስ ከቤተ መጻሕፍት ወደ እኛ ኮምፒውተር ክፍል የተዛወሩ ዕለት በእጃቸው ቁልፍ ይዘው ነበር። ዙሪያውን ቃኙና፣

«ዮርዳኖስ፣ ይኼ ኢንተርኔት ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» አሉኝ።

«አይዘጋም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ይጠብቀዋል?»

ማንም አልኳቸው። ያን ቀን ሲወጡ በሩን ሁለቴ ቆለፉት።

ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ኮምፒውተሮቹን እንዳይበርዳቸው ጨርቅ ሲያለብሱ ኖሩ። ከምሳ በኋላ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሲያንኮራፉ ግን «ተኝተዋል» ማለት ክልክል ነው፤ ዓይናቸውን እያሳረፉ ነው። እንዲያ አይዩኝ ጋሼ፣ ሁሉም ያውቃል።

እኔ የሠራሁትን የኢንተርኔት ገበጣም ታውቃላችሁ። ከሰቆጣ፣ ከአምደወርቅ፣ ከአበርገሌ፣ ከሰሃላ ልጆች እየገቡ ይገጥማሉ። ጋሼ ስክሪኑን ስለማያምኑት የእንጨት ገበጣቸውን አጠገባቸው አድርገው እያንዳንዱን እርምጃ በጠጠር ይደግሙት ነበር። እኛ እንስቃለን። እሳቸው ሁለት ወር ደገሙና አንድ ቀን፣

«ጨዋታሽ ያዳላል» አሉኝ። «ከመቶው ስድሳ አራቱን ያሸነፈው የጀመረው ነው።»

«ኮምፒውተር አያዳላም፣ ጋሼ።»

«እሱማ አያዳላም። ያዳላሽው አንቺ ነሽ።»

ቀድሞ የገባ ይጀምር ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀድሞ የሚገባው ደግሞ ሁልጊዜ ኔትወርክ ያለው ነው። ባንቺ የምትባል የሰሃላ ልጅ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥታ ዘጠኝ ጊዜ ገጠመችን፤ ዘጠኝ ጊዜም ዘግይታ ገባች፣ ተሸነፈች። «አልችልበትም መሰለኝ፣ ደህና ሁኑ» ብላ ጽፋ ጠፋች።

«ዕጣ እናውጣ» አልኩ። አንድ ጨዋታ ለመጫወት ያን ሁሉ ዳገት ለምትወጣ ልጅ ዕጣው ባይወጣላትስ፣ አሉ ጋሼ። ሁለት ሁለት ዙር እየተጫወትን በየተራ እንጀምር ብል፣ ሁለተኛው ሳያልቅ መስመሩ ይቋረጣል። ጋሼም ዓይናቸውን ሊያሳርፉ ሄዱ። ከመስኮቱ ማዶ ባለው ገደል ላይ ጉም ተጋድሞ ነበር፤ የገበጣው ጠጠሮች በላዩ እንደ ወፍ ሲሻገሩ የማይ መሰለኝ። ከዚያ ከእንቅልፋቸው፣ ይቅርታ፣ ከዕረፍታቸው ቀና አሉና፣

«እኔና ወንድሜ ዳቦ ስንካፈል አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ይመርጣል። አንዱ የመጀመሪያውን እርምጃ ይጫወት፤ ሌላው አይቶ የፈለገውን ወገን ይውሰድ። ያኔ ጀማሪው አብዝቶ ለራሱ አይቆርስም» አሉ።

ቀድሞ የገባ ይጀምር፣ ዘግይቶ የገባ ወገን ይምረጥ ብዬ እንደዚያው ጻፍኩት። ጋሼ ግን ባንቺ እንድታውቅ በገበያ ቀን ወደ ሰሃላ በሚመለስ ሰው እጅ ደብዳቤ ላኩላት። አምስት ቀን በሩን እያዩ ጠበቁ፤ ኢንተርኔት በበር የሚገባ ይመስል። በስድስተኛው ቀን ስሟ ስክሪኑ ላይ በራ። ጋሼ ጀመሩ፤ እሷ የእሳቸውን ወገን መርጣ ወሰደችና አሸነፈቻቸው። ከዚያ ወዲያ ጥበቃውን ሳይቀር እያስቆሙ «ተሸነፍኩ እኮ» ሲሉ ዋሉ። ሰው በመሸነፉ እንደዚያ ፊቱ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ጋሼ፣ እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ ስኮራ፣ እርስዎ የሌለችውን ልጅ ያዩ ነበር። ስህተቴን ሰው ፊት ሳያሳፍሩ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ጠላችሁን አንሱ፤ እኔም ብርዜን ላንሳ። ከሰኞ ጀምሮ ጋሼ ጡረታ ወጥተው ሰሃላ፣ ልጃቸው ቤት ናቸው፤ ኮረብታውን የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ጉልበትዎ ይጽና፣ ጤናዎ ይብዛ። ዳገቱን ቀስ ብለው ይውጡ፣ ጋሼ፤ ዘግይተው ቢደርሱም ምርጫው የእርስዎ ነው።