ሽንቷን ይዛ የምትውለው ልጅ

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ እኔና ነርስ ሊድያ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ዳባት ጤና ጣቢያ ስንሄድ፣ የኔታ ሰይፈ ሥላሴን በመናኸሪያው በር አገኘናቸው። የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው። ሊድያ ያን ሰሞን የተማሪዎችን ሽንት ትመረምር ስለ ነበር፣ የኔታ የልጅ ልጃቸውን ማንጠግቦሽን ከምርመራው ሰልፍ አውጥተው፣ ምርመራው እስኪያልፍ ደባርቅ አክስቷ ዘንድ ሊያቆዩአት ይዘዋት ሊሳፈሩ ነበር።

ሊድያ እጅ ነሥታ፣ "የኔታ፣ ምን ቅር አሰኘዎት?" አለች።

"ልጄ፣ አንቺን አልተቀየምሁም። ግን ሴት ልጅ ሽንቷን በብልቃጥ ይዛ በሰው ፊት ትቁም? ነውር ነው! ጠላት እጅ ገብቶ መተት ቢሠራበትስ? ደግሞ የታመመ ያቃስታል፤ ይህች ምን ሆነች?"

"በሰልፍ ማቆማችን ጥፋት ነው፤ እውነትዎን ነው። ከእንግዲህ በመጋረጃ እናደርገዋለን። እንደ መረመርነውም እንደፋዋለን፤ ማንም አያገኘውም። የሽንት ቧንቧ ሕመምን ግን ብዙ ልጅ ሳያቃስት ይዞት ይኖራል። ቸል ሲባል ወደ ኩላሊት ይወጣል።"

"እንዲህ ከሆነ እኛ ሳናውቅ እንቀር ነበር?"

"እስኪ ራሷን እንጠይቃት" አልሁ እኔ።

ማንጠግቦሽ አንገቷን ደፋች። ሊድያ ጎንበስ ብላ፣ "ሽንትሽ ሲወጣ ያቃጥልሻል?" አለቻት።

"ያቃጥለኛል። ትምህርት ቤት ስውል ውኃ አልጠጣም። ሽንት ቤቱ በር የለውም፤ ቤት እስክገባ እይዘዋለሁ።"

የኔታ ደነገጡ። "ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ነውር ነው ሲሉ ስለምሰማ።"

ረዳቱ "ደባርቅ! ደባርቅ! የቀራችሁ ግቡ!" እያለ ይጣራል። የኔታ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። እኒያ ሽማግሌ ለልጅቱ ክብር ሲሟገቱ ውለው፣ ክብር ያሉት ነገር አፏን እንደ ዘጋው ያን ጊዜ ገባቸው። ልጅን የሚወድ ሁሉ እንዲህ ሊሳሳት ይችላል።

"በይ ልጄ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ምሪን" አሏት ሊድያን በመጨረሻ።

ምርመራው ሕመሙን አወጣው። ማንጠግቦሽ የታዘዘላትን መድኃኒት ስትጨርስ ቃጠሎው ተዋት። በእሑዱ የኔታ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆችን አስቁመው እንዲህ አሉ፦

"ልጆቻችሁን አስመርምሩ። በጊዜ የታወቀ ሕመም በጥቂት መድኃኒት ይድናል፤ የተደበቀው ግን ኩላሊትን ይጎዳል። ውኃ ይጠጡ፤ ሽንታቸውንም አይያዙ። የምታፍር ልጅ ካለች ነውሩ የእርሷ አይደለም፤ በር ያላበጀንላት የእኛ ነው።"

በማግስቱ አናጢው ቢራራ ከተማሪዎቹ አባቶች ጋር ሳንቃ ተሸክሞ ወደ ትምህርት ቤቱ መጣ። የኔታ የሽንት ቤቱ በር ሲገጠም በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆመው ዋሉ። "አደራህን ቢራራ" አሉት፤ "መቀርቀሪያው ከውስጥ ይሁን።"