ባለቤቴ ያስቀመጣቸው ገጾች

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ያልተከፈተውን ላፕቶፑን ጀሞ ያለ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው አየት አደረገና፣ "ማዘር፣ ይሄ ብራውዘር አርጅቷል። ላጥፋውና ሌላ ፈጣን ልጫንልዎት" አለኝ። ባለቤቴ ያነብባቸው የነበሩ ገጾች እዚያ ስለተቀመጡ ክው አልኩ። "አታጥፋው፤ አዲስ ቨርዥን ወጥቶለታል። መጀመሪያ ገጾቹን ፍላሽ ላይ ገልብጥልኝ፤ ከዚያ አድሰውና አንተ ከምትጭነው ጋር እናወዳድረዋለን" አልኩት።

ሳቀ። "ማን አስተማረዎት?"

"ባለቤቴ። አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር አንድ መዝሙር በሁለት ብራውዘር ከፍቶ፣ 'የቱ ቀደመ? ፍረጂ' ይለኝ ነበር።"

እንዳልኩት አደረገና፣ "እንግዲያው ይፍረዱ" ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ተቀምጬ ያንኑ መዝሙር በሁለቱም ከፈትኩ። የባለቤቴ ቀደመ።

"ረቱኝ፣ ማዘር" አለ።

"እኔ ዳኛ ነኝ፤ የረታህስ እሱ ነው" አልኩት።