የአያ ደምሴ በርኖስ

ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው አውቶቡስ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አሮጌ በርኖስ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ከፊታችን ያለችው ሴት ዞር አለች።

«አያ ሽፈራው፣ ከአያ ደምሴ ቤት ነው የሚመጡት?»

«ከዚያው ነኝ።»

«ነፍሳቸውን ይማር፤ እንዴት ያለ ፈረስ ገሪ ሞተ! የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር አለቀሰ።»

«እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ገርቻለሁ። ለእኔ ማን እንደሚያለቅስ እናያለን።»

«እሳቸው እኮ ዱላ ሳይዙ ነበር የሚገሩት።»

«ገብስ ጠግቦ ያደረ ፈረስ ማንም ይገራዋል!»

«ታዲያ ሲሞቱ ዳማ ፈረሳቸውን ለምን ገዙት?»

«እኔ እጅ ሲገባ ሰው ልዩነቱን እንዲያይ ነበራ!»

«አየ?»

«ምኑን ያያል! ኮርቻ ይዤ ስጠጋው ይራገጣል። ባለፈው የደምሴ ባለቤት በርዷት የሱን በርኖስ ደርባ ብትመጣ፣ ያ እርጉም ፈረስ ጸጥ ብሎ ራሱን ብብቷ ውስጥ ከተተ።»

«ውይ! ሽታቸውን ለይቶ ነዋ!»

«ይኸው ለምኜ ወሰድኩት። አጥቤ ልስጥዎ ብትለኝ ከእጇ መነተፍኳት።»

«ሊለብሱት ነው?»

«ጋጣ ውስጥ ብቻ። ሰው ፊትማ ሞቼ ነው!»

«ሽታው የጠፋ ቀንስ?»

«እሱን አታንሺብኝ!» ብለው በርኖሱን እቅፋቸው ውስጥ ሸጎጡት።

ከፍቼው የነበረውን መስኮት ቀስ ብዬ ዘጋሁት።