ከባንዲራው የጎደለው

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ ለጡረታ ስንብቴ ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበር አጥታችሁ የቆማችሁ አይዟችሁ፣ ቶሎ እጨርሳለሁ። ጨርቅ ጠጋኝ ወሬ አያበዛም፤ አፉ መርፌ ነክሶ ነው የሚውለው።

በዚህ ሙዚየም ዕድሜዬን የፈጀሁት አንድ የጦር ባንዲራ ላይ አጎንብሼ ነው። ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ወርዶ፣ ማራገቢያው ቀስ እያለ ሲዞር፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ከፍ ዝቅ ይላል። የተኛ ሰው ይመስለኛል። ስንቴ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ በሹክሹክታ አውርቻለሁ!

የባንዲራው ባለቤት መጀመሪያ የጦር አዛዥ፣ ኋላ የምክር ቤት ሰው ነበር። በምርጫ ሰሞን ይህንኑ ቡትቶ በረንዳው ላይ ይሰቅለዋል። ተቃዋሚዎቹ "አዲስ መግዣ አጣ እንዴ?" እያሉ ይስቁበት ነበር። እኛስ? ቀዳዳውን ሁሉ "ብል ነው የበላው" ብለን ብልን ስንረግም ኖርን። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ መድኃኒት ረጭቶ ረጭቶ ራሱ አስነጠሰው እንጂ ብልስ አልተገኘም።

ባለፈው ክረምት አንዲት አሮጊት መጡ። ከመሀረብ ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ አውጥተው "ልጄ፣ ይኼ የአባቴ ነው" አሉኝ። ጡረታ የደረሰን ሰው "ልጄ" ሲሉት እንዴት ደስ ይላል! ቁራጩን ከቀዳዳው ጥግ ባስጠጋው ልክክ አለ። ለካ አዛዡ አስከሬናቸው ላልተገኘ ወታደሮች ቤተሰብ፣ ባንዲራውን በገዛ እጁ እየቆረጠ ሲያድል ኖሯል። የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

"ለምን እዚሁ አይተዉልንም?" አልኳቸው።

"አባቴን ታዲያ የት ልጠይቀው?" አሉና ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። አልቅሻለሁ፣ አልደብቃችሁም።

ከዚያ ወዲህ በህልሜ ቁርጥራጮቹ ከየሳጥኑ ወጥተው በሰማይ ሲንሳፈፉ አያለሁ። ወደ ባንዲራው አይመጡም። ዞረው ዞረው ወደየቤታቸው ይገባሉ።

ዳይሬክተራችን፣ ሰኞ ክፍተቱ በአዲስ ጨርቅ እንዲደፈን አዘዋል። ለጎብኚ እንዲያምር ብለው ነው፣ ይገባኛል። ግን በየሰው ቤት ያለውን በምን እንተካዋለን? "ምን እንሸልምዎ?" ብለውኝ አልነበር? ያሰቡልኝ የእጅ ሰዓት ይቅርብኝ፣ ክፍተቱን እንዳለ ይተዉልኝ። ራስዎን የሚነቀንቁት እሺ ብለው ነው ወይስ እንቅልፍ ይዞዎት?

"አይደፈንም" አሉ! ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ምስክሮቼ ናችሁ።

እንግዲህ እጃችሁ አይዛል፣ ዓይናችሁ አይፍዘዝ። ከቤታችሁ የወጣ ሁሉ በሰላም ይመለስ። ሳይመለስ የቀረም ቢኖር፣ ቦታውን የሚጠብቅለት ሰው አይጣ።